«ነርቭ ተጭኗል» ከተባለ በኋላ፦ ፍርሃትንና ጭንቀትን ከህመሙ ጎን ለጎን የመመርመሪያ ዝርዝር መመሪያ

ወገቡን ይዞ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይፈራል። አንደኛው «ነርቭህ ሳይጫን አልቀረም» ነው። ሁለተኛው «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው» ነው። የመጀመሪያው ያስደነግጣል፣ ሁለተኛው ያዋርዳል። ምረጥ ቢባል ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ቢያንስ ህመሙ እውነት መሆኑ ተመሰከረለት።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ነርቩን እመረምርና ስለ ፍርሃት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሐዘን የምጠይቀው ሕክምናው አልሠራ ሲለኝ ብቻ ነበር። ስህተት ነበር። ሦስት ወር ከታመመ በኋላ «ለመሆኑ የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚሰማው «አላመንኩህም» የሚለውን ነው። ያው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን፣ ጉልበት ከሚመታው መዶሻ ጋር አብሮ ሲመጣ ግን እንደ ማንኛውም ጥያቄ ይመለሳል።

ስለዚህ «ነርቭ ነው ወይስ ጭንቀት?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው። ነርቩ ተጭኖም ሰው ይፈራል፤ ፈርቶም ነርቩ ሊጫን ይችላል። አንድ ደብተር ውሰዱ። ገጹን መሃል ለመሃል በመስመር ክፈሉት። ግራው የነርቩ ነው፣ ቀኙ የሐሳባችሁ። ከደረጃ 2 ጀምሮ የምንሠራው በዚህ ገጽ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ድንገተኛውን ለዩ

ከሚከተሉት አንዱ ካለባችሁ ደብተሩን ተዉት። ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

- ሽንት አልወጣ ካለ፣ መምጣቱ ካልታወቃችሁ ወይም ካመለጣችሁ
- ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ
- ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሚነካው ቦታ፣ ማለትም ብልት፣ ፊንጢጣና የጭን ውስጠኛ ክፍል ከደነዘዘ
- ህመሙ ወይም መደንዘዙ ሁለቱንም እግር ከያዘ
- እግር ወይም እጅ እየደከመ ከሄደ፣ ለምሳሌ ስትራመዱ የእግራችሁ ጫፍ መሬቱን እየጠረገ ከሆነ
- ችግሩ አንገት ላይ ሆኖ ቁልፍ መቆለፍ ወይም መጻፍ ካስቸገራችሁ፣ አካሄዳችሁም ከተንገዳገደ

ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው በወገብ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች የሚወርደው እንደ ፈረስ ጅራት የተበተነ የነርቮች ጥቅል ነው፤ የሕክምና ስሙም በላቲን «የፈረስ ጅራት» ማለት ነው። ሽንትን፣ ሰገራንና የወሲብ ስሜትን የሚያስተዳድሩት ነርቮች እዚያ ውስጥ አሉ። ይህ ጥቅል ከተጫነ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ የካንሰር ታሪክ፣ ውድቀት ወይም አደጋ ካለም ሐኪም ዘንድ በፍጥነት መድረስ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጠንካራ የህመም ማስታገሻዎችም ሽንት ይይዛሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ። «መድኃኒቱ ይሆናል» ብላችሁ ግን ቤት አትቀመጡ። ያንን የሚለየው መርማሪው ነው።

ይህን ደረጃ ፊት ያመጣሁት በምክንያት ነው። የጭንቀት ታሪክ ያለበት ሰው ነርቭ አይጫነውም የሚል ሕግ የለም። ፋይሉ ላይ «ጭንቀት» የሚል ቃል ስለተጻፈ ብቻ ሽንቱ መያዙ ሳይመረመር የሚሸኝ ታካሚ ሊኖር አይገባም።

ደረጃ 2፦ ነርቩ የሚለውን በግራ በኩል ጻፉ

ከአከርካሪያችን 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሰፈር አለው። ከወገብ የሚወጣው አምስተኛው ነርቭ ሲነካ ብዙ ጊዜ ስሜቱ በእግር ጎን ወርዶ የእግር ጀርባና አውራ ጣት ላይ ይደርሳል። ከሱ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው የዳሌ ነርቭ ባትን፣ ተረከዝንና የትንሿን ጣት በኩል ይይዛል። አንገት ላይ ስድስተኛው ወደ እጅ አውራ ጣት፣ ሰባተኛው ወደ መሃል ጣት ይሄዳል።

ሦስት ነገሮችን ለያይታችሁ ጻፉ፦ ህመም፣ መደንዘዝ፣ ድካም (የጡንቻ ኃይል ማጣት)። ሰው ሦስቱንም «አመመኝ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ህመም ከእንቅልፍ፣ ከስሜት፣ ከመታከትና ከፍርሃት ጋር ይወጣል ይወርዳል። የጡንቻ እውነተኛ ድካምና የሪፍሌክስ (ጉልበት በመዶሻ ሲመታ እግር በራሱ የሚወነጨፈው ዓይነት ምላሽ) መጥፋት ግን በስሜት የሚታዘዙ አይደሉም።

«እግሬ ከዳኝ» የሚለውን አባባል እንውሰድ። አንዳንዱ እግሩ የሚከዳው ህመሙ ድንገት ስለወጋው ነው። ሌላው ሳያመው፣ ጡንቻው አልታዘዝ ብሎት ነው። የትኛው እንደሆነ ለማየት ግድግዳ ያዙና አሥር እርምጃ በተረከዝ፣ አሥር እርምጃ በጣቶቻችሁ ጫፍ ሂዱ። ግራና ቀኙን አወዳድሩ። አንዱ እግር ሳያም ከወደቀ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግባችሁ ሐኪም ጥሩ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ በተለይ ለሙያ ባልደረቦቼ። የነርቭ ህመም ሁልጊዜ የመጽሐፉን ካርታ ተከትሎ አይሄድም። ታካሚው ያሳየው ቦታ ከሥዕሉ ጋር አልገጠመም ማለት ህመሙን ፈጠረው ማለት አይደለም። ካርታው ነው ግምታዊ የሆነው።

ደረጃ 3፦ ቃሉን ከፊልሙ ለዩ

ወደ ቀኙ አምድ ከማለፋችን በፊት ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቃላት ነው።

«ዲስክ መንሸራተት» እንላለን። ስሙን የሰማ ሰው እንደ እርጥብ ሳሙና ከቦታው የሚያመልጥ ነገር ያስባል። ጎንበስ ባለ ቁጥር ደግሞ የሚያመልጥ ይመስለዋል። ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ፣ ግን አይንሸራተትም። ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ጥብቅ ብሎ የተያያዘ ነው። የሚሆነው ሌላ ነው፤ የውጭው ቀለበት ይላላል ወይም ይሰነጠቃል፣ የውስጡ ለስላሳ ክፍል ደግሞ በዚያ በኩል ገፍቶ ይወጣል። ከነርቩ አጠገብ ከሆነ ይነካዋል። ህመሙም ከመጫኑ ብቻ አይመጣም። የወጣው ነገር ነርቩን በኬሚካል ያስቆጣዋል፣ ያቃጥለዋል። አንድ ትንሽ ዲስክ አንዱን አልጋ ላይ ጥሎ ትልቁ ሌላውን ዝም የሚለው በከፊል ለዚህ ነው።

ሰውነት የወጣውን ክፍል ቀስ በቀስ መምጠጥም ይችላል። የሚገርመው፣ ከቀለበቱ ጨርሶ የወጣው ትልቁ ነው ብዙ ጊዜ በተሻለ የሚመጠጠው። በዲስክ ምክንያት እግሩን ከሚያመው ሰው አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ በግልጽ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ወደሚያነሣው ምርመራ። በ1994 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ምንም የማያማቸው 98 ሰዎችን በኤምአርአይ አነሣ። 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። 27 በመቶዎቹ ደግሞ ወደ ውጭ የገፋ። በ2015 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰበ ግምገማ እንዳሳየው፣ ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው «ያረጀ» የሚባል ዲስክ አላቸው። 80 ዓመት ላይ 96 በመቶ ይደርሳል።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ከሁሉም የሚጠቅመኝ በ1995 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በዲስክ የሚሠቃዩ 46 ሰዎችን በዕድሜ፣ በፆታና በሥራ ከሚመስሏቸው ጤነኞች ጋር አስተያዩ። ምንም ከማያማቸው ውስጥ 76 በመቶዎቹ የወጣ ዲስክ ተገኘባቸው። ታዲያ ታማሚውን ከጤነኛው የለየው ምን ነበር? አንደኛ፣ ዲስኩ ነርቩን በእርግጥ መጫኑ። ሁለተኛ፣ ከሥራና ከሥነ ልቦና ጋር የተያያዙ ሁኔታዎች። ሁለቱም። ደብተራችሁ ላይ ሁለት አምድ የኖረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የምርመራ ወረቀታችሁን አውጡ። ያስፈራችሁን ቃል አስምሩበት። ከጎኑ «ይህ ቃል ከምልክቴ ጋር ይገጥማል?» ብላችሁ ጻፉ። ግራ እግር የሚያመው ሰው ቀኝ በኩል የወጣ ዲስክ ቢገኝበት ያ ዲስክ ዝምተኛ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። መልሱን ከሐኪሙ ትጠይቃላችሁ።

ደረጃ 4፦ ቀኙን አምድ ሙሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በአንድ ቁጭታ አይሞላም። ለአንድ ሳምንት፣ ህመሙ በጨመረ ቁጥር በዚያች ደቂቃ ራሳችሁን ያላችሁትን ቃል በቃል ጻፉ። አታሳምሩት። «ሽባ መሆኔ ነው» ካላችሁ እንደዚያው ይጻፍ። «ልጆቼን ማን ያሳድጋል» ከሆነም እንደዚያው።

ሳምንቱ ሲያልቅ የጻፋችሁትን በእነዚህ ዓይኖች አንብቡት።

*ማግዘፍ።* ሐኪሞች በ1995 የወጣ 13 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አላቸው። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ህመሙን ከአእምሮ ማውጣት አለመቻል፣ የባሰ ነገር ይመጣል ብሎ ማጋነን፣ «ምንም ላደርግ አልችልም» የሚል ተስፋ መቁረጥ። በልምዴ ሦስተኛው ነው የሚከብደው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መረጃ ሲያገኙ ይበርዳሉ። ሦስተኛው መረጃ አይበቃውም፤ ሰውየው ራሱ አንድ ነገር አድርጎ ሲሳካለት ማየት አለበት።

*እንቅስቃሴን መፍራት።* «ይህን ባደርግ ይብሳል» ብላችሁ የተዋችሁትን ሁሉ ቁጠሩ። ጫማ ማሰር፣ ልጅ ማንሣት፣ በማስነጠስ ጊዜ እንኳ መንቀሳቀስ። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ የተውኩት ሞክሬው አሞኝ ነው ወይስ ሳልሞክረው? መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል።

*ስሜት።* ሁለት ጥያቄ ይበቃል ለመጀመሪያ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ሆድ ባሰኝ፣ ተስፋ ቆረጥኩ? ደስ ይለኝ የነበረ ነገር ደስ ማለቱን ተወ? ለአንዱም «አዎ» ከሆነ ለድባቴ በደንብ መመርመር ተገቢ ነው። መኖርን የመጥላት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ተናገሩ። የማያቋርጥ ህመም ሰውን እዚህ ድረስ ሊያደርሰው ይችላል፤ ሐኪሙም መስማት የለመደው ነገር ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ የድባቴ ምልክቶች ናቸው። የህመም ውጤቶችም ናቸው። ሌሊቱን እግሩ ሲያቃጥለው ያደረ ሰው ቢደክመው ምን ይገርማል? ስለዚህ መጠይቅ ላይ ያለውን ድምር ብቻ አትመልከቱ። ይልቁንም ደስታ ጠፍቷል ወይ፣ ራስን የመውቀስ ስሜት አለ ወይ የሚለው ይበልጥ ይናገራል።

*ሥራና በደል።* አደጋው የደረሰው በሌላ ሰው ጥፋት ነው? አለቃችሁ ህመሙን አላመነም? የካሣ ወይም የክስ ጉዳይ ተንጠልጥሏል? የበደል ስሜት ከህመም ጋር ሲዋሐድ ማገገምን ያዘገያል። ይህን ስል «ለካሣ ብሎ ነው» ማለቴ አይደለም። ህመሙን በየወሩ በወረቀት ማስረዳት የሚገደድ ሰው ህመሙን የሚረሳበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

*ያለፈ ታሪክ።* በቤተሰብ ወገቡን ተቀዶ መራመድ ያልቻለ ሰው ካለ ጻፉት። ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ የእናንተ ሳይሆን የአጎታችሁ ነው።

የሕክምና ተቋም ውስጥ «ስታርት ባክ» የሚባል ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ሊሰጣችሁ ይችላል። በእንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ነው። አምስቱ ጥያቄዎች ስለ ፍርሃት፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ስሜትና ህመሙ ምን ያህል እንዳስቸገራችሁ ናቸው። ከአምስቱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ከፊዚዮቴራፒው ጋር የሥነ ልቦና ድጋፍ ያስፈልገዋል ተብሎ ይታሰባል። እኔ መጠይቅን የማየው እንደ በር ማንኳኪያ ነው። የውስጡን የሚናገረው ደብተሩ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን አምዶች በቀስት አገናኙ

አሁን ግራውንና ቀኙን ጎን ለጎን እዩ። የትኛው የትኛውን እንደቀደመ በቀስት አሳዩ።

አንድ ታካሚዬ የሣለው እንዲህ ነበር። ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል እግሩን እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረው። «ዲስኩ ወጣ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማውን ሚስቱ ታስርለታለች። ወገቡን ለመጠበቅ ደረቱን ቀጥ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ መሄድ ጀመረ። ጡንቻው ቀኑን ሙሉ ስለተወጠረ ማታ ያመዋል። ሲያመው «አልኩ አይደል፣ እየባሰ ነው» ይላል። ሌሊት አይተኛም። ጠዋት ሲነሣ ይበልጥ ያመዋል። ነርቩ የነዘረው አንዴ ነው። የቀሩትን ቀስቶች ራሱ ሣላቸው፣ በራሱ እጅ፣ ከዚያም ሳቀ።

ይህ ክብ በሕክምናው ዓለም «የፍርሃትና የመሸሽ ዑደት» ይባላል፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ከጀርባው ያለው አሠራርም ምስጢር አይደለም። በ1965 ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ህብለ ሰረሰር ውስጥ የህመም መልእክት የሚያልፍበት እንደ በር ያለ ነገር እንዳለ ሐሳብ አቀረቡ። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ዋናው ነገር ግን ቆሟል፤ አንጎል ወደ ታች መልእክት ልኮ በሩን ያጠብባል ወይም ይከፍታል። ፍርሃት፣ ትኩረትና እንቅልፍ ማጣት ይከፍቱታል። ስለዚህ «ጭንቀት ህመሙን ያባብሳል» ማለት ስለ ነርቭ ሥርዓት መናገር ነው።

ደረጃ 6፦ ሐኪሙ ፊት እንዴት እንደምትናገሩት

ሁለቱንም አምድ በአንድ ትንፋሽ አቅርቡ። ለምሳሌ፦ «ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ከመቀመጫዬ እስከ እግሬ አውራ ጣት ይነዝረኛል። የእግሬ ጀርባ ደንዝዟል። በተረከዜ ስሄድ ቀኙ ይወድቃል። ከዚህ ሌላ ሽባ እሆናለሁ ብዬ ስለምፈራ ሌሊት አልተኛም፣ ጎንበስ ማለትም ትቻለሁ። ሁለቱንም ቢያዩልኝ።»

«ሁለቱንም ቢያዩልኝ» የምትለዋን አትርሱ። መርማሪው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አያስገድደውም። ጭንቀታቸውን የሚደብቁ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፤ ካወሩ ህመማቸው የማይታመን ይመስላቸዋል። የተደበቀ ጭንቀት ግን በሌላ በር ይወጣል። ጮክ ብሎ በማቃሰት፣ በአራት ሐኪም በመዞር፣ ሦስተኛ ኤምአርአይ በመጠየቅ።

እነዚህን ጠይቁ፦ የመጡት ምልክቶች ከፊልሙ ጋር ይገጥማሉ? ምን ባደርግ ያመኛል እንጂ አይጎዳኝም? ምን ምልክት ካየሁ ልመለስ? ካልተሻለኝ መቼ እንደገና እንገናኝ?

«ጭንቀት ነው» ብቻ ተብላችሁ ከተሸኛችሁስ? ጠብ አያስፈልግም። «ሊሆን ይችላል። ነርቩስ ተመርምሮ ምን ተገኘ? የጡንቻ ኃይል፣ ስሜትና ሪፍሌክስ ታይቷል?» በሉ። ካልታየ እንዲታይ፣ ወይም ወደሚያይ ሰው እንዲልኳችሁ ጠይቁ።

ለባለሙያዎች አንድ ቃል። በ1980 ዋዴል የተባለው የአጥንት ሐኪም አምስት የምርመራ ምልክቶችን አወጣ፤ ለምሳሌ ቆዳን በቀላሉ ሲነኩት ከልክ በላይ መታመም። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች እንደ ውሸት መመርመሪያ ተጠቀሙባቸው። ለዚያ አልተሠሩም። የሚሉት «ይህ ሰው ከአካሉ በተጨማሪም ይታይ» ነው። ምልክቶቹን አግኝቶ ነርቩን ሳይመረምር የሚተው ባለሙያ መሣሪያውን ገልብጦ ይዞታል።

ደረጃ 7፦ የስድስት ሳምንቱ መሰላል

ድንገተኛ ነገር ከሌለና ሐኪሙ መንቀሳቀስ ትችላላችሁ ካለ ይጀመራል። አልጋ ላይ መክረም አይረዳም። አንድ ሁለት ቀን ቢያስገድዳችሁ ችግር የለም፤ ከዚያ በላይ ግን ጡንቻውም ልቡም ይደክማል።

ከቀኙ አምድ አንድ የፈራችሁትን ነገር ምረጡ። ከሁሉም የሚያስፈራውን ሳይሆን መካከለኛውን። ጎንበስ ማለት ነው እንበል። በትንንሽ ደረጃ ክፈሉት። ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅን ጉልበት ላይ ማድረስ። ቀጥሎ የእግር አጥንት መሃል። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት። ቀጥሎ ቆሞ ያንኑ። በመጨረሻ ከወለል ቀላል ነገር ማንሣት።

ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት ግምት ጻፉ፦ «ይህን ሳደርግ ምን ይሆናል?» ካደረጋችሁ በኋላ የሆነውን ጻፉ። ይህ ግምትና ውጤት መጻፍ ከእንቅስቃሴው ራሱ ያላነሰ ዋጋ አለው። ፍርሃት በምክር አይለቅም። ደጋግሞ ሲሳሳት ሲታይ ነው የሚለቀው።

መጠኑን በህመም ሳይሆን በቁጥር ወይም በሰዓት ወስኑ። ዛሬ የ8 ደቂቃ መንገድ ከሆነ፣ ደህና ብትሆኑም 8፣ ትንሽ ቢያማችሁም 8። ጥሩ ቀን ያገኘ ሰው ቤቱን በሙሉ ያጸዳና ሦስት ቀን ይተኛል። ይህን ስህተት የማይሠራ ሰው አላየሁም። እኔም በራሴ አንገት ሠርቼዋለሁ።

ምልክቶቹን እንዲህ አንብቧቸው፦

- ህመሙ ከእግር ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገቡ ትንሽ ቢብስ እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው።
- ጨምሮ በዚያው ቀን ከተመለሰ ቀጥሉ።
- ጨምሮ እስከ ማግስቱ ካደረ አንድ ደረጃ ውረዱ እንጂ አታቁሙ።
- መደንዘዙ ከሰፋ ወይም የጡንቻ ድካም ከመጣ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሌሊትን በተመለከተ አጭር ነው፦ ጎን ተኝቶ በጉልበት መሃል ትራስ ማድረግ ለብዙዎች ይቀላል። ጭንቀት ሌሊት የሚመጣባችሁ ከሆነ ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ለ15 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ደብተሩ ላይ ተጨነቁ። ቀልድ አይደለም። ቀጠሮ የተሰጠው ጭንቀት አልጋ ላይ ተከትሎ የመምጣት ልማዱ ይቀንሳል።

ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ወይም ዱሎክሲቲን ቢያዝላችሁና ወረቀቱ ላይ «ለድባቴ» የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ሁለቱም ለነርቭ ህመምም ይታዘዛሉ። «እብድ አሉኝ» ብሎ ክኒኑን የደበቀ ሰው አውቃለሁ። ለምን እንደታዘዘ ጠይቁ፤ በራሳችሁ አትጀምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ። ተስፋ መቁረጡ ወይም ፍርሃቱ ከከበደ ደግሞ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሥራት ከፊዚዮቴራፒው ጎን ለጎን ይሂድ። «አካሉ ይሻለኝና ከዚያ» አትበሉ።

ደረጃ 8፦ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ከተነሣ

በ2007 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ከባድ የእግር ህመም የነበራቸውን 283 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሹ ቶሎ እንዲቀደድ፣ ግማሹ እንዲጠብቅ። ቶሎ የተቀደዱት ፈጥነው ተሻላቸው። በዓመቱ መጨረሻ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው አገግሞ ነበር። እንዲጠብቁ ከተደረጉት ውስጥ 39 በመቶዎቹ በመሃል ተቀደዋል። ስለዚህ የጡንቻው ድካም እየባሰ ካልሄደ ጥያቄው ብዙ ጊዜ «ልዳን ወይስ ልቅር» አይደለም። «ይህን ህመም ስንት ሳምንት መሸከም እችላለሁ» የሚለው ነው። ያ ደግሞ የቀኙ አምድ ጥያቄ ነው።

ድባቴና ከባድ ፍርሃት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚገኘውን ውጤት እንደሚያሳንሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህ ማለት የተጨነቀ ሰው አይቀደድ ማለት አይደለም። ነርቩ በእርግጥ ተጭኖ ህመሙ ሲነሣለት ጭንቀቱም አብሮ የሚለቀው ሰው ብዙ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግን ሁለት ነገር ይነጋገሩ። የመጀመሪያው ድባቴው ሕክምና መጀመሩ። ሁለተኛው የሚጠበቀው ነገር፦ ቀዶ ሕክምናው ከወገብ ህመም ይልቅ የእግር ህመምን ይረዳል፤ መደንዘዝ ብዙ ጊዜ የሚለቀው ዘግይቶ ነው፣ ላይለቅም ይችላል። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው በሦስተኛው ቀን ጣቱ አሁንም ደንዝዞ ሲያገኘው «አልተሳካም» ብሎ ክቡን እንደገና ይጀምራል።

ደረጃ 9፦ ቤተሰብን ማስገባት

ደረጃ 5 ላይ ያለችውን ሚስት አስታውሱ። ጫማ የምታስረው ከፍቅር ነው። እጁ ግን ጫማውን እየረሳ ነው። ቤተሰብ «ተው ተው፣ እንዳትነካው» ሲል ፍርሃቱን ያጸድቃል። «ምንም የለህም፣ ተነሥ» ሲል ደግሞ ሰውየው ህመሙን ለማስረዳት ይበልጥ ይታመማል። መሃል መንገዱ መሰላሉን ማሳየት ነው፦ «ዛሬ ቁርጭምጭሚት ላይ ነኝ። ወለል ሳልደርስ አታንሡልኝ።» «እንዴት ነው ህመሙ?» ከሚለው የየሰዓቱ ጥያቄ ይልቅ «ዛሬ የት ደረስክ?» ይሻላል።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ቀጠሮ አላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት በተረከዝና በጣት ጫፍ እንደገና ሂዱና ከመጀመሪያው ገጽ ጋር አወዳድሩ። ግምቶቻችሁንም ቁጠሩ፤ ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ ቀረ። ኤምአርአይ ፊልሙን ቤት ረስቶ የሚመጣ ታካሚ ብዙም የለም። ደብተሩን ግን ይረሱታል። ቦርሳችሁ ውስጥ ፊልሙን ስታስገቡ አብራችሁ አስገቡት።